መቶ ሃያ የክብሪት ቀፎ

አምሐ የማኅበረሰብ ጤና ትምህርትን አንድ ጊዜ ወድቋል። በልብ ወድቆ አያውቅም፤ በኩላሊት ወድቆ አያውቅም፤ ሁለት መቶ ስድስቱን አጥንት ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት እንደ ውዳሴ ማርያም ያነበንበዋል። እሱን የሚያቅተው ሰው ሙሉ ሆኖ፣ ልብሱን ለብሶ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲያናግረው ነው።

ሁለተኛ ከወደቀ ከኮሌጁ ይሰናበታል። ከኮሌጅ የተሰናበተ ወጣት በ1978 ዓመተ ምሕረት ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ደግሞ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ፣ የእናቱ ቀበሌ ሊቀ መንበር የብሔራዊ ውትድርናውን መዝገብ ከፍተው እየጠበቁት ነው። ለዕረፍት በሄደ ቁጥር በር ላይ ያገኙትና እንደ አጎት ትከሻውን እያሻሹ «ትምህርት እንዴት ነው?» ይሉታል። «ደህና ነው» ሲላቸው ፊታቸው ይጠቁራል። ኮታቸው በአንድ ሰው እንደ ጎደለባቸው ያስታውቃል።

የማኅበረሰብ ጤና አስተማሪው ዶክተር ሣህሉ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ለተማሪ መልስ ሁሉ አንድ ጥያቄ አላቸው፤ «ከዚያስ?» ተማሪው «በሽተኛው ያስለዋል» ይላል። «ከዚያስ?» «ሳንባው ተጎድቷል።» «ከዚያስ?» እንዲህ እያሉ ከሳንባው አውጥተው ቤቱ ድረስ ይወስዱታል፤ ጭስ መውጫ የሌለው ጎጆ ውስጥ ከነሚስቱና ከነጥጃው አስቀምጠውት ይሄዳሉ። አምሐ ባለፈው ዓመት የወደቀው ሳንባው ላይ ቆሞ በመቅረቱ ነው።

በመጋቢት ወር አምሐንና የክፍል ጓደኛውን ፀሐይወርቅን በጣና ዳር ከውሃ ስለሚይዘው የሆድ ትል፣ ስለ ብልሃርዝያ፣ አጥኑ ብለው ሲልኳቸው ሦስት ነገር ነገሯቸው።

«ኅብረተሰቡን አታጥኑት፤ ከኅብረተሰቡ ጋር አጥኑ። እነሱ የሚጠይቋችሁን ስሙ። ውጤቱንም ከማንም በፊት ለባለቤቶቹ ንገሩ።»

አምሐ ሦስቱንም በደብተሩ ጻፈ፤ ከሥራቸው በቀይ አሰመረ፤ ከዚያ ረሳቸው።

ቄጠማ ዳር የምትባለው ቀበሌ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ናት። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ የገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት፣ አንድ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ አላት፤ የቀረው ሽንብራ፣ ደንገልና ውሃ ነው። ሁለቱ ተማሪዎች በመሠረተ ትምህርቱ ጣቢያ አረፉ። ዕቃቸው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ የመስታወት ስላይድ፣ የኮሌጁ ተማሪዎች ሁለት ወር ሙሉ ያጠራቀሙት አንድ ጆንያ ባዶ የክብሪት ቀፎና አምሐ በገዛ እጁ ያዘጋጀው ሃያ ሁለት ጥያቄ ያለበት ቅጽ ነበር። ቀፎው የዓይነ ምድር ናሙና መያዣ ነው፤ ኮሌጁ ሌላ ዕቃ የለውም።

ከሃያ ሁለቱ ጥያቄዎች አምሐን ያስጨነቀው የመጀመሪያው ነበር። ሲጽፍ ሲሰርዝ ሰነበተና በመጨረሻ ከአንድ የመንግሥት ቅጽ ላይ እንዳለ ገለበጠው፤ «በቤቱ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 የሆኑ ወንዶች ብዛት፤ ሙሉ ስም ከነአባት።» ለታንኳ መሥሪያ ደንገል የሚያጭዱት፣ ዓሣ የሚያጠምዱት፣ ውሃ ውስጥ የሚውሉት ጎረምሶች ስለሆኑ ብልሃርዝያም የሚበረታው በነሱ ነው። በሕክምናው በኩል ጥያቄው እንከን አልነበረውም።

የመጀመሪያው ቤት የወይዘሮ ሸዋዬ ነበር። ወይዘሮ ሸዋዬ በር ላይ ቆመዋል፤ ከኋላቸው የቤት ምሰሶ የሚያህሉ ሁለት ጎረምሶች ቆመዋል።

«እማማ፣ ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያሉ ወንዶች ስንት አሉ?»

«የለም።»

«እነዚህስ?»

ወይዘሮ ሸዋዬ ዞር ብለው ልጆቻቸውን ዛሬ እንደ ተወለዱ አድርገው አዩዋቸው። «ይኼኛው አሥራ ሰባት ነው።»

«ጺም አለው እኮ!»

«አባቱም እንዲሁ ነበር። ቶሎ ነው የሚያበቅሉ።»

«ያኛውስ?»

«እሱማ ሠላሳ አንዱን ደፍኗል፤ ባለፈው ቅዳሜ።»

«የእርስዎስ ዕድሜ?»

«እኔ? አርባ በለኝ።»

ፀሐይወርቅ በጣቷ ቆጥራ አምሐ ጆሮ ላይ ጠጋ አለች። «በዘጠኝ ዓመታቸው ወለዱ ማለት እኮ ነው።»

«ጻፊው፤ የተነገረንን ነው የምንጽፈው» አላት።

በሁለት ቀን ውስጥ ቄጠማ ዳርን ቤት ለቤት ጨረሷት። ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያለ አንድም ወንድ አልተገኘም። የቀበሌው ወንድ ሁሉ አሥራ ሰባት ዓመት ላይ ሲደርስ ዘሎ ሠላሳ አንድ ላይ ያርፋል። ሁለተኛው ቀን ላይ እንዲያውም ጎረምሶቹ ራሳቸው ከመንደሩ ጠፉ። አምሐ ማታ በፋኖስ ደብተሩን ከፍቶ፣ «የዕድሜ ስርጭቱ ለብቻው ጥናት ይፈልጋል» ብሎ ጻፈ። የገዛ ስሙ መዝገብ ላይ መኖሩን እያሰበ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው፣ እስክሪብቶው በእሱ እጅ ሲሆን ነገሩ ጭራሽ አልታየውም።

በሦስተኛው ቀን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ክንዱ ስብሰባ ጠሩ። ክንዱ አጭር፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ያለ ድምፅ ማጉያ ማዶ የሚሰማ ሰው ናቸው። አምሐ በሽታውን ስለሚያስተላልፈው የውሃ ቀንድ አውጣና ስለ ትሉ ግማሽ ሰዓት አስረዳ። ሕዝቡ አጨበጨበ። «ጥያቄ ያለው አለ?» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

«ከየቤቱ አንድ ቀፎ፣ መቶ ሃያ ናሙና ይበቃናል። ፈቃደኛ ያልሆነ መተው ይችላል።»

«ይበቃናል ማለት ምን ማለት ነው?» አሉ ክንዱ። «ኮታው መቶ ሃያ ነው?»

«ኮታ ሳይሆን…»

«ገባኝ። መቶ ሃያ።» ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ሰምታችኋል!»

ቀጠሮው ለሳምንቱ ነበር። ክንዱ ግን በሁለተኛው ቀን ጠዋት አንድ ጆንያ በትከሻቸው ተሸክመው መጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት።

«ይኸውልህ ጓድ ሐኪም! መቶ ሃያ ቤት፣ መቶ ሃያ ቀፎ። የጎደለ የለ፣ የተቃወመ የለ፣ ዕቅዱ በአምስት ቀን ቀድሟል። ሃያ ልጨምርልህ?»

አምሐ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ባለፈው ዓመት፣ በወደቀበት ጥናት፣ ከስልሳ ሰው ናሙና የሰጠው ዘጠኝ ነበር፤ ከዘጠኙም ሁለቱ የሰጡት ጭቃ ነው።

ማይክሮስኮፑ መብራት ስለሌለው መስታወቱን ወደ ፀሐይ እያዞሩ በር ላይ ይሠሩ ጀመር። የመጀመሪያው ስላይድ ላይ፣ በጎኑ እሾህ ያለው የብልሃርዝያ እንቁላል ወለል ብሎ ታየ። ሁለተኛውም ላይ አለ። አሥረኛውም ላይ። በሦስተኛው ቀን መቶ ሃያኛውን ሲያዩ እንቁላሉ እንደ ቀድሞ ወዳጅ ሰላም የሚላቸው መሰለ።

«መቶ በመቶ!» አለ አምሐ። «ፀሐይዬ፣ እንዲህ ያለ ውጤት በዓለም ላይ የለም!»

«እሱማ የለም» አለች ፀሐይወርቅ። «ለዚያ ነው የጨነቀኝ።»

እሱ ግን ሰሚ አልነበረም፤ ለዶክተር ሣህሉ ደብዳቤ እየጻፈ ነበር።

መልሱን እየጠበቀ ሳለ አምሐ ከጣቢያው ጎን ወዳለው ማሳ ወጣ። ማሳው የአለበል ነው። አለበል ብቻውን የሚኖር፣ ታንኳ የሚሠራ፣ ዓሣ የሚያጠምድ የሃምሳ ዓመት ሰው ነው፤ እጅና እግሩ ከስቶ ሆዱ ብቻ እንደ ከበሮ ወጥቷል። ሾላ ሥር ተቀምጦ ደንገል ያስራል። ሽንብራውን አርባ የሚሆን ሰው ወገቡን አጥፎ እየዘፈነ ይሰበስብለታል። ከመሐከላቸው ወይዘሮ ሸዋዬ አሉ፤ ሊቀ መንበሩ ክንዱም አሉ። የሚገርመው የክንዱ የራሳቸው ሽንብራ ገና አልተነካም።

«አያ አለበል፣ እንዴት ያለ ደግ ሕዝብ ነው!» አለ አምሐ።

«ወንፈል ነው እኮ» አለ አለበል። «እኔ ሰጠሁ፣ እነሱ በጉልበት ይመልሳሉ። ባለዕዳ ሆኖ የሚያድር የለም፣ እዚህ አገር።»

«ምን ሰጧቸው?»

አለበል ሆዱን ዳበስ አደረገ። «ያለኝን።»

አምሐ ልቡ ተነካ። «ለሕሙማን የሚያስብ ኅብረተሰብ» ብሎ ጻፈ።

ሐሙስ ዕለት የዶክተር ሣህሉ መልስ በጀልባ ደረሰ። «መቶ በመቶ? ከዚያስ?» ይላል። ከሥሩ፣ «እሑድ የመቶ ሃያ ሰው ኪኒን ይዤ እመጣለሁ። የኢሠፓው ተወካይ ጓድ ዳኘውም ውጤቱን ለመስማት አብረውኝ ይመጣሉ።»

አምሐ ስላይዶቹን ከሳጥናቸው አውጥቶ ደግሞ ማየት ጀመረ። ያቺ «ከዚያስ» የምትባል ቃል ባለፈው ዓመት ምን እንዳደረገችው ያውቃል። አርባ አንደኛው ላይ ፀሐይወርቅ ማይክሮስኮፑን ይዛ ቀረች።

«ይኼ የማን ነው?»

አምሐ መዝገቡን አየ። «የቄሰ ገበዝ ወልደ ሐዋርያት ቤት።»

«ና እየው እስቲ። ይኼ የዓሣ ቅርፊት አይደለም?»

አምሐ አጎነበሰ፤ መስታወቱን አዞረ። ከእንቁላሎቹ መሐል ዳር ዳሩ እንደ ማራገቢያ የተሸነሸነች፣ የምታበራ ቅርፊት አለች። ጊዜው ሁዳዴ ነው። ቄሰ ገበዝ ደግሞ በሁዳዴ እንኳን ዓሣ፣ ዓሣ የተጠመደበትን ታንኳ አይሳፈሩም። ቅጹ ላይ ዘጠነኛው ጥያቄ «ዓሣ ትበላላችሁ?» የሚል ነው፤ በእሳቸው ቅጽ ላይ ከጎኑ «በጾም? እግዚኦ!» ተብሎ ተጽፏል።

«ሄደህ ጠይቃቸው» አለች ፀሐይወርቅ።

«ለምን እኔ?»

«መቶ በመቶ ያልኸው አንተ ነህ።»

ቄሰ ገበዝ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ከዋርካው ሥር፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው የቅዳሴ ሰዓት እየጠበቁ ነበር። አምሐ እጅ ነስቶ መስቀል ተሳለመ።

«አባቴ፣ እንደው ለቅጹ ያህል አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።»

«ጠይቅ ልጄ።»

«በዚህ ሳምንት እቤትዎ ዓሣ ተበልቷል?»

ቄሰ ገበዝ የሰሙትን ነገር ወደ ጎን ዘንበል ብለው ከጆሯቸው ሊያፈሱት የፈለጉ መሰሉ። «ምን አልህ?»

«ማለቴ… ቀፎው ውስጥ የዓሣ ቅርፊት አግኝተናል። ጽፈነዋል።»

«ጽፋችኋል? የት?»

«ቅጹ ላይ። ቤት ቁጥር አርባ አንድ፣ ቄሰ ገበዝ ወልደ ሐዋርያት፤ ዓሣ።»

«ማነው የሚያነበው?»

«ዶክተር ሣህሉ፣ ጓድ ዳኘው… እሑድ ለሕዝቡም ይነበባል።»

ቄሰ ገበዝ ሠላሳ ሁለት ዓመት የቀደሱ ሰው ናቸው። ዋርካውን አዩ፤ ቤተ ልሔሙን አዩ፤ በዙሪያው ከአንዲት ፍየል በቀር ማንም እንደሌለ አረጋገጡና በፍየሏም ሳይተማመኑ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጠጋ በል። ቀፎው የእኔ አይደለም።»

«የባለቤትዎ ነው?»

«የአገርነሽም አይደለም! እሷ በጾም ውሃ ስትጠጣም ትሳቀቃለች።»

«የልጅዎ ነዋ፣ የዲያቆን ገብረ ኪዳን።»

«የማናችንም አይደለም ብዬሃለሁ! በዚህ አገር በጾም ዓሣ ብላ ብዬ የፈቀድሁለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሆዱን ስለሚያመው። አለበል ነው።»

አምሐ አሰበ። «እና የአያ አለበል ቀፎ በስህተት ወደ እርስዎ መጥቶ ነው?»

ቄሰ ገበዝ በሐዘኔታ አዩት። «ልጄ፣ በስህተት ወደ መቶ ሃያ ቤት አይመጣም።»

አምሐ ከዋርካው ሥር ተቀመጠ።

«አንተ ከተማ ውለህ መጣህና ጎረምሳ ቆጠርህ» አሉ ቄሰ ገበዝ። «ሙሉ ስም ከነአባት አልህ። ደግሞ ሐኪም ነኝ አልህ። ዘማች የሚመረምር ማነው? ሐኪም። ባለፈው ዙር ከወዲያ ማዶ አንድ ልጅ ሆዱ ታሞ ስለተገኘ ተመለሰ። ከዚህ በኋላ ሰው ‹ታሞ የተገኘ ልጅ ይቀርልናል› ከማለት ሌላ ምን ያስብ? የገብረ ኪዳን እናት ሦስት ቀን እህል አልቀመሰች።»

«እኔ እኮ ስለ ብልሃርዝያ ነው የመጣሁት!»

«ነገርኸን እንጂ መች ጠየቅኸን፤ ቆጠርኸን እንጂ መች ሰማኸን። በል ስማ። ቀፎውን በሚመለከት ዋሽቻለሁ፤ ንስሐ እገባለሁ። ጾሜን ግን አልሻርሁም። ከመዝገብህ ላይ ዓሣውን አውጣልኝ።»

አምሐ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሾላው ሄደ። አለበል ታንኳውን እየጨረሰ ነበር።

«አያ አለበል፣ የእርስዎ ቀፎስ የታል? መዝገቡ ላይ የሉም።»

አለበል ለመካድም አልደከመ። «የተጠየቀው መቶ ሃያ ነው። እኔ መቶ ሃያ አንደኛ ነኝ። ለራሴ አልተረፈም።» ቀና ብሎ ሳቀ። «ሁለት ቀን ሙሉ እኮ ነው ሲያበሉኝ የሰነበቱ! ሰው ዓሣ ጠብሶ፣ ሽሮ ሠርቶ፣ በሬ ላይ ቆሞ ‹ብላ አለበል፣ በርታ› ይለኛል። ክንዱ ‹አያ አለበል፣ አገር በአንተ ላይ ነው› አለኝ። እንዲህ ተከብሬ አላውቅም።»

«ደም ይታይብዎታል?»

አለበል ሳቁን ተወ። «ስድስት ዓመቱ።»

እሑድ ዶክተር ሣህሉ የመቶ ሃያ ሰው ኪኒን በካርቶን ይዘው ይመጣሉ። ኪኒኑ የሚታደለው በመዝገቡ ነው። ያልተመረመረ መቶ ሃያ ቤት ኪኒን ይውጣል፤ በበሽታው ያለቀው አንድ ሰው ግን መዝገቡ ላይ የለም። አምሐ ውጤቱን እንዳለ ካነበበው ያልፋል። እውነቱን በጓድ ዳኘው ፊት ከተናገረ ደግሞ ክንዱ የሚያድሩበት ቦታ ይታወቃል፤ ዲያቆን ገብረ ኪዳን የሚሄድበትም እንዲሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሁለቱን ሲያመዛዝን አድሮ፣ ሲነጋ ሦስተኛ መንገድ አገኘ። ችግሩ፣ መንገዱ በቀጥታ ወደ እናቱ ቀበሌ ሊቀ መንበር የሚወስድ መሆኑ ነው።

እሑድ ሕዝቡ በመሠረተ ትምህርቱ ጣቢያ ግቢ ተሰበሰበ። ጓድ ዳኘው ካኪ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ፤ ዶክተር ሣህሉ ከጎናቸው ጉልበታቸውን አቅፈው ያንቀላፉ ይመስላሉ። ክንዱ ተነሥተው፣ «መቶ በመቶ!» ሲሉ ሕዝቡ አጨበጨበ። ምን መቶ በመቶ እንደሆነ የጠየቀ የለም።

አምሐ ተነሣ።

«ውጤቱን ከማንበቤ በፊት… ውጤት የለም» አለ። «ስህተት ሠርቻለሁ። መቶ ሃያ ጊዜ ያየሁት የአንድ ሰው ናሙና ነው።»

ክንዱ ለማጨብጨብ ያነሡትን እጅ አየር ላይ ይዘውት ቀሩ። ቄሰ ገበዝ መቋሚያቸውን ግንባራቸው ላይ አስደገፉ።

«እንዴት ማለት?» አሉ ጓድ ዳኘው።

«ቀፎው፣ ስላይዱ፣ ሁሉም ተቀላቀለብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እዚህ መንደር ውስጥ ስንት ሰው እንደ ታመመ ዛሬ አላውቅም።»

«አራት ዓመት ተምረህ?»

«አዎ ጓድ።»

«ከዚያስ?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ዶክተር ሣህሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ነው።

«ከዚያማ… አንድ ቤት ሳልመዘግብ አልፌአለሁ፤ የአያ አለበልን። ኪኒኑ ዛሬ ከእሳቸው ይጀመር።»

«ከዚያስ?»

አምሐ ቅጹን አነሣ። «ጥያቄ ቁጥር አንድ ይሰረዝ። እሱን መጠየቅ አልነበረብኝም። ማንም ሰው ልጆቹን ቆጥሮ ለማያውቀው ሰው አያስረክብም። እኔን የሚቆጥረኝ ሰው ሲመጣ እኔም ራሴ እሸሻለሁ።»

ከዚያ ከኋላ ወይዘሮ ሸዋዬ አጨበጨቡ። ቀጥሎ ዲያቆኑ፤ ቀጥሎ ግቢው በሙሉ። በቄጠማ ዳር ስብሰባ ሳይታዘዝ የተጨበጨበበት የመጀመሪያው ቀን ሳይሆን አይቀርም። ጓድ ዳኘው መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ወለወሉ፤ ሕዝቡን አዩ፤ አምሐን አዩ፤ አለበልን አዩ፤ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

ከስብሰባው በኋላ ዶክተር ሣህሉ ጀልባው ጋ አምሐን ጠሩት።

«ስላይድ ተቀላቀለብኝ ነው ያልኸው?»

«አዎ ዶክተር።»

«ፀሐይወርቅ ስላይድ እንደማይቀላቀልባት አውቃለሁ። እሷ አልፋለች።» ጫማቸውን አውልቀው ሱሪያቸውን ሰበሰቡ። «አንተ አላለፍህም።»

የአምሐ ልብ ባሕሩ ውስጥ ገባች።

«አልወደቅህምም። ‹ያልተጠናቀቀ› ብዬ እጽፍልሃለሁ። ያልተጠናቀቀ ተማሪ፣ ተማሪ ነው። እስከ ሰኔ ሠላሳ እዚሁ ተቀምጠህ አጠናቅቀው። ሰኔ ሠላሳ ካለፈ ግን እኔም አልችልም።»

«ዶክተር፣ አሁን ማን ያምነኛል? ከምን ልጀምር?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» አሉና በአገጫቸው ወደ መንደሩ አመለከቱ።

አምሐ ቄጠማ ዳር ቀረ። ለአንድ ወር ያህል ምንም አልጠየቀም፤ ከአለበል ጋር እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ ደንገል እያጨደ፣ የሚሰማውን ሰማ። እናቶች የሚያስጨንቃቸው የጎረምሶቹ ሳይሆን የሕፃናቱ ሆድ መሆኑን ሰማ። ስም የተጻፈበት ቀፎ እንደሚያስፈራ፣ ስም የሌለበት እንደማያስፈራ ሰማ። ኅብረት ያለበትን ነገር ሁሉ ክንዱ ከመሩት ኮታ እንደሚሆንም ሰማ፤ ይህን የነገሩት ራሳቸው ክንዱ ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ሰው በፈቃዱ፣ ስም የሌለበት ቀፎ፣ በኋላ የራሱን እንዲለይ በሽንብራ ፍሬ ቁጥር ምልክት እያደረገ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ላይ ያስቀምጥ ጀመር። መቶ ሃያ አልሞላም፤ ሰባ ሦስት ነበር። እንቁላሉ የታየው በሃያ ዘጠኙ ላይ ነው። አንዱ ላይ እንዲያውም ጭቃ ነበር፤ ያለ ኮታ የመጣ መሆኑ በዚህ ስለታወቀ አምሐ ከደስታው ብዛት ሊስመው ምንም አልቀረው።

አለበል ኪኒኑን ከዋጠ ወዲህ ሆዱ እየጎደለ ሄዶ ሱሪው መውደቅ ጀመረ። ደስታው የመንደሩ ሁሉ ነበር፤ ሆኖም አንዳንድ እናት እያየችው ተከዝ ትላለች። ከእሱ መዳን በኋላ በቄጠማ ዳር በስም የሚታወቅ አስተማማኝ በሽተኛ አልነበረም።

በግንቦት መጨረሻ አንድ ጠዋት አምሐ ለወጉ ያህል የራሱን ናሙና መስታወት ላይ አድርጎ ወደ ፀሐይ አዞረው። ያ በጎኑ እሾህ ያለው የድሮ ወዳጁ እየጠበቀው ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ስለ ውሃው እያስተማረ ውሃው ውስጥ የዋለ ሐኪም! ሳቀ። አለበልም ሳቀ። እስከ እኩለ ቀን መንደሩ በሙሉ ሳቀ።

በማግስቱ ጠዋት አምሐ ኪኒኑን በመዳፉ፣ ውሃውን በጣሳ ይዞ ሊውጥ ሲል ክንዱ እያለከለኩ ደረሱ። ድምፃቸውን ዝቅ ለማድረግ ሲሞክሩ አምሐ ያየው ያን ቀን ነው።

«ቆይ ቆይ! ውጠኸዋል?»

«ገና ነኝ።»

«እሰይ።» ከጋቢያቸው ሥር ባዶ የክብሪት ቀፎ አወጡ። «አንድ ሰው ልኮኝ ነው። የዚህ ቀበሌ ሰው አይደለም፤ ጥናትህ ውስጥ አይገባም።»

«ማነው?»

ክንዱ ግራ ቀኝ አዩ። «ጓድ ዳኘው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ አላቸው፤ ምርመራው ማክሰኞ ነው።»

አምሐ ጣሳውን አስቀመጠ። ያ የመነጽር ውልወላ አሁን ገባው።

«ለምን ከእኔ? ከሃያ ዘጠኙ ኪኒኑን ገና ያልዋጡ አሉ።»

«እሱንም ብያቸው ነበር። ‹የተማረ ሰው ይሁን› አሉ።» ክንዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የአንተን ነገርም፣ ያን የነገርኸኝን የአዲስ አበባውን መዝገብ፣ እንነጋገርበታለን ብለዋል። እንደው ሰኔ ሠላሳ እንኳ ቢያልፍ።»

አምሐ መዳፉ ላይ ያለውን ኪኒን አየ። ቀፎውን አየ። ዶክተር ሣህሉ «የሚጠይቋችሁን ስሙ» ብለው ነበር፤ በቀይም አስምሮበታል። ኪኒኑን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተው።

«ለአንድ ቀን ይቆያል» አለ። «ስለ እኔ ግን ምንም አይነጋገሩ፤ ጥናቴ በዚህ ሳምንት ያልቃል። ይኼ በወንፈል ነው። አጸፋው የአያ አለበል በርበሬ ተከላ ነው፤ በሚልኩት ሰው አይደለም፣ በገዛ እጃቸው።»

ክንዱ ሳቃቸውን ዋጡ። «ጓድ ዳኘው? ጎንበስ ብለው?»

«ባለዕዳ ሆኖ የሚያድር የለም ብለውኛል፣ እዚህ አገር።»

አምሐ ሰኔ ሁለት ቀን ጥናቱን ጨርሶ፣ ኪኒኑን ውጦ፣ ከነማይክሮስኮፑ ወደ ጀልባው ሲወርድ አለበል ሾላው ሥር ተቀምጦ ጥብጣብ የሚያክል ገመድ ሱሪው ላይ እየታጠቀ ነበር። ማሳው ላይ አንድ ሰው ብቻውን አጎንብሶ የበርበሬ ችግኝ ይተክላል። ካኪ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተሰብስቧል፤ መነጽሩ በላብ ደብዝዟል።

«ጠጋ ጠጋ አታድርገው ጓድ» አለው አለበል ከጥላው ሆኖ። «አየር ያስፈልገዋል።»

ጓድ ዳኘው ቀና ብለው በጀልባው መንገድ የሚያልፈውን አምሐን ሲያዩ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ጮክ ብለው፣ «የልማት ዘመቻ ነው!» አሉ።

አምሐ ማይክሮስኮፑን መሬት አስቀምጦ አጨበጨበላቸው።